ሱባኤው ይቆይልህ፤ መጀመሪያ ሐኪም

ጥያቄ፦ «38 ዓመቴ ነው፤ ትዳርና ሁለት ልጆች አሉኝ። በቀን ከግማሽ ጠርሙስ በላይ ጠንካራ መጠጥ እጠጣለሁ። ጠዋት ጥቂት ካልተጎነጨሁ እጄ ስለሚንቀጠቀጥ መፈረም እንኳ አልችልም። ባለፈው ዓመት ተጸልዮልኝ ‹ነፃ ወጥተሃል› ተባልኩ፤ በዚያው ቀን አቆምኩ። በማግስቱ ማታ ራሴን ስቼ ወደቅሁ፤ ባለቤቴ መላ ሰውነቴ ሲንዘፈዘፍ አይታለች። አገልጋዩ ‹መንፈሱ ሲለቅህ ነው› አለኝ። ሦስት ሳምንት ቆየሁ፤ በጉባኤ ፊትም መሰከርኩ፤ ከዚያ ተመልሼ ገባሁበት። አሁን ሰባት ቀን እህል ውሃ ሳልቀምስ፣ ቤት ዘግቼ ሱባኤ ልይዝ ወስኛለሁ። መድኃኒት መውሰድ እምነት ማጣት ነው የሚሉኝ አሉ። የቁርባኑ ወይንም ያሳስበኛል። ባለቤቴ ይቅር ብላኛለች፤ ግን አታምነኝም። ምን ትመክሩኛላችሁ?»

መልስ፦ ወንድማችን፣ ያሰብከውን ሱባኤ አሁን አትጀምር። ይህን የምንልህ ጾም ጸሎትን አቅልለን አይደለም። ባለፈው ዓመት የጣለህ ነገር ብቻህን ሆነህ፣ በተዘጋ ቤት፣ ውሃ እንኳ ሳትጠጣ ዳግም ቢመጣብህ ላትነሣ ስለምትችል ነው።

አልኮል የአንጎልን ሥራ ያዘገያል። ለዓመታት በየቀኑ እንዲህ ሲዘገይ የኖረ አንጎል ሚዛኑን ለመጠበቅ ራሱን ከልክ በላይ ማነቃቃት ይለምዳል። መጠጡ በአንድ ቀን ሲቋረጥ ማዘግየቱ ይቀራል፤ መነቃቃቱ ግን እንዳለ ነው። ጠዋት ጠዋት የምታየው የእጅ መንቀጥቀጥ የዚሁ መነሻ ነው፤ ሌሊቱን ስትተኛ ከመጠጡ ስለራቅህ የመጣ። ሙሉ በሙሉ ስታቆም ደግሞ ነገሩ የራሱን ሰዓት ይዞ ይሄዳል። ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ መንቀጥቀጥ፣ ላብ፣ ማቅለሽለሽ፣ የልብ መፍጠንና ጭንቀት ይጀምራል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊመጣ ይችላል። ከ48 እስከ 96 ሰዓት ከሁሉ የከፋው አለ፤ ሰውየው ያለበትን ቦታና ቀኑን ይስታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ያተኩሰዋል፣ የደም ግፊቱ ይንራል። ይህ ካልታከመ ይገድላል። እንዲህ የሚደርስበት ከጠጪዎች ሁሉ ጥቂቱ ነው፤ በየቀኑ አብዝቶ የሚጠጣ፣ ጠዋት የሚንቀጠቀጥና ከዚህ በፊት አንዴ የጣለው ሰው ግን ከጥቂቶቹ አንዱ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ሦስቱም አንተ ላይ አሉ።

አንተን የጣለህ በማግስቱ ማታ ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስለ ርኩሳን መናፍስት የምታስተምረውን ልንከራከር አልተነሣንም፤ ነገር ግን ያ መንዘፍዘፍ የመጣበትን ሰዓትም መልኩንም ስናይ የመጠጥ መቋረጥ ያመጣው ነው ብንል አንሳሳትም። «መንፈሱ ሲለቅህ ነው» የሚለው ትርጓሜ የሚጎዳው ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛ፣ እንዲያ ያመነ ሰው አጠገብህ ሆኖ ይጸልያል እንጂ እርዳታ አይጠራም። ሁለተኛ፣ መውደቅህን እንደ መልካም ምልክት ቆጥሮ ያንኑ እንድትደግም ያበረታታሃል። በድንገት ማቆምና መመለስ በተደጋገመ ቁጥር ደግሞ ቀጣዩ መቋረጥ ከቀደመው እየከፋ የመሄድ ጠባይ አለው።

ባለቤትህ ይህን አንቀጽ ታንብበው። ሰው ሲንዘፈዘፍ አይያዝም፣ ክንዱ ላይ አይቀመጡበትም፣ አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አይከተትም። በአካባቢው ያለ ጠንካራና ስለታም ነገር ይነሣል፣ ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር ይደረጋል፣ መንዘፍዘፉ ሲያቆም በጎኑ ይደረጋል፤ እስኪነቃ ውሃም ምግብም አይሰጠውም። ሰዓት ይያዝ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ሳይነቃ ዳግም ከመጣ ወይም ትንፋሹ ካስቸገረ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ሕክምና ነው። ባንተ ሁኔታ ግን 5 ደቂቃ ባይሞላም ሐኪም ማየት አለበት። ጸሎቱ መንገድ ላይም ይደርሳል።

እንግዲህ ምን ታደርጋለህ? በዚህ ሳምንት ሐኪም ጋ ቀጠሮ ያዝ፤ ከተቻለ የአእምሮ ሕክምና ወይም የሱስ ሕክምና ክፍል ያለበት ሆስፒታል ይሁን። እስከዚያ ድረስ በድንገት አታቁም። ለአማኝ ሰው እንዲህ ብሎ መጻፍ ከባድ ነው፤ ቢሆንም ከምትጠጣው ሳትጨምር፣ መኪና ሳትነዳ፣ ብቻህን ሳትሆን ቀጠሮህን ጠብቅ። ቀጠሮው ሳይደርስ መጠጡን የሚያቋርጥህ ነገር ቢገጥምህ፣ ለምሳሌ ትውከት ቢይዝህ፣ ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ያኔውኑ ሂድ።

ሐኪሙ ፊት ስትቀመጥ ብዙ ሰው የሚያበላሸው አንድ ነገር አለ፤ አፍሮ ያሳንሳል። «አልፎ አልፎ እጠጣለሁ» ያለ ሰው የሚታዘዝለት መድኃኒት ለእውነተኛው መጠን አይበቃም፤ መንዘፍዘፉም ቤቱ ይጠብቀዋል። ስለዚህ በወረቀት ጽፈህ ሂድ፦ በቀን ስንት፣ ምን ዓይነት መጠጥ፣ ከስንት ዓመት ጀምሮ፤ የመጨረሻው መጠጥ ስንት ሰዓት ላይ፤ ባለፈው ዓመት መውደቅህና ካቆምክ ከስንት ሰዓት በኋላ እንደሆነ፤ ሌላ የምትወስደው መድኃኒት፣ በተለይ የእንቅልፍ ወይም የሕመም ማስታገሻ፤ የጉበት፣ የስኳር ወይም የደም ግፊት ችግር ካለህ። ባለቤትህ አብራህ ብትገባ ይሻላል፤ የወደቅህበትን ሰዓት የምታውቀው እሷ ናት።

ባንድ ወቅት የጣለው ሰው ብዙውን ጊዜ የሚታከመው ተኝቶ ነው። በተለምዶ የሚሰጠው ዳያዜፓም የተባለው የሚያረጋጋ መድኃኒት ወይም የዚያው ወገን ሲሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከፍ ብሎ ይጀምርና ከ5 እስከ 7 ቀን ባለው ጊዜ እየተቀነሰ ያቆማል። ይህን መድኃኒት ከሰው ተቀብለህ ቤትህ እንዳትሞክረው። ከአልኮል ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ ከሳምንታት በላይ ከቆየም ራሱ ሱስ ይሆናል።

ከዚህ ጋር የሚሰጠው ሌላው ቫይታሚን ቢ1 ነው፤ ታያሚን ይሉታል። የጾሙን ጥያቄ የሚወስነውም በአብዛኛው ይኸው ነው። አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ሰውነት ቢ1 ያጣል፤ አንድም በደንብ ስለማይበላ፣ አንድም አልኮሉ አንጀት ቫይታሚኑን እንዳይወስድ ስለሚከለክል። ቢ1 ክፉኛ ሲያልቅ አንጎል ይጎዳል፤ ሰው ይደናገራል፣ አረማመዱ ይወላገዳል፣ ዓይኑ ይንቀዋለላል። በጊዜ ካልተደረሰበት የማስታወስ ችሎታው ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። ያለ ምግብ መቆየት ጉድለቱን ያፋጥነዋል። የረጅም ጊዜ ጠጪ ጉበት ያጠራቀመው ስኳር ስለሚያንስ ሲጾም በደሙ ያለው ስኳር በድንገት ሊወርድ ይችላል። ላብና ትውከት ውሃና ጨው ሲያወጡ የልብ ምት ይዛባል። ጾሙ ሲፈታም አደጋ አለ፤ ቢ1 ባለቀበት ሰውነት ላይ ብዙ ጣፋጭ ወይም ግሉኮስ ሲገባ የቀረችውን ቢ1 በአንድ ጊዜ ይጨርሳታል። ሐኪሞች ቢ1ን ከግሉኮስ አስቀድመው ወይም አብረው የሚሰጡት ለዚህ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ «ጸንተሃል» እስኪልህ ድረስ የምግብና የውሃ ጾም የለህም። የታመመ ሰው ከጾም ግዴታ ነፃ መሆኑን አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው ያስተምራሉ። መንፈሳዊ አባትህ ወይም መጋቢህ ጋ ሄደህ «ሕክምና ላይ ነኝ፤ ጾሜ ምን ይሁን?» ብትለው ከምግብ ውጪ የምትተወው ነገር ያሳይሃል። ከሥራ ስትወጣ ከምታመሻቸው የመጠጥ ጓደኞችህ መራቅ ለአንተ ከሰባት ቀን ረኀብ የሚከብድ ጾም ነው።

መድኃኒት እምነት ማጣት ነው ለሚሉህ ረጅም ክርክር አያስፈልግህም። የወንጌሉ ጸሐፊ ሉቃስ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስም «የተወደደው» ብሎ ነው የሚጠራው። ደጉ ሳምራዊ የተደበደበውን ሰው ቁስሉን አሰረለት፣ ዘይትና ወይን አፈሰሰበት፣ ማረፊያ ቤት አስገብቶ ለሚያስታምመው ከፈለ። ጌታ «ሂድ አንተም እንዲሁ አድርግ» ያለው ይህን ነው። እንዲህ የሚልህ ሰው ስለ ስኳር ወይም ስለ ደም ግፊት መድኃኒት እንዲህ የማይል ከሆነ ስለ መጠጥ የሚለው እምነትን ሳይሆን እፍረትን ይመስላል።

ሰውነትህ ከመጠጡ ከጸዳ በኋላ ያለው ዘመን ነው ረጅሙ። ባለፈው ዓመት የሦስት ሳምንቱ ነፃነት የፈረሰው በዚህ ነው። የማቴዎስ ወንጌል 12፥43-45 ላይ ርኩሱ መንፈስ ሲመለስ ቤቱን ባዶ ሆኖ፣ ተጠርጎና አጊጦ ያገኘዋል፤ የኋለኛውም ከፊተኛው ይብሳል። ቤቱ ተጠርጎ ነበር፤ ጥፋቱ ባዶነቱ ነው። ያንተ ቤት ባዶ የሚሆነው ስንት ሰዓት ላይ ነው? ለአብዛኛው ሰው ከሥራ መውጫ እስከ መኝታ ያለው ጊዜ፣ ደመወዝ የገባበት ቀንና የዕረፍት ቀን ዋዜማ ነው። እነዚህን ሰዓታት በስም ሙላቸው። «ቤተ ክርስቲያን አዘወትራለሁ» አይበቃም፤ «ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ከሥራ ወጥቼ ቀጥታ ወደ ጸሎት መርሐ ግብር፣ ማክሰኞና ሐሙስ ከልጆቼ ጋር የቤት ሥራ» ብለህ ጻፍ። ቤት የሚያደርስህ መንገድ በለመድከው መጠጥ ቤት የሚያልፍ ከሆነ መንገድ ለውጥ፤ ሩቅ ቢሆንም ለውጥ። ቤት ውስጥ ያለው ጠርሙስ ሐኪም ቤት ሳለህ በሌላ ሰው እጅ ይውጣ።

አምሮቱ ሲመጣ ብዙ አማኞች የሚሳሳቱት በቅደም ተከተሉ ላይ ነው። መጠጡ ካለበት ቦታ ሳይነቃነቁ ተንበርክከው ይጸልያሉ፤ ከዚያ ይሸነፋሉ፤ ከዚያ «ጸሎቴ አልተሰማም» ይላሉ። አንተ መጀመሪያ ከቦታው ውጣ፤ ቀጥሎ ሰው ጋ ደውል፤ ጸሎቱ እየሄድክ ይሁን፤ አጭር ይሁን፤ «ጌታ ሆይ፣ ማረኝ» በየእርምጃው። አምሮት ካልመገቡት ብዙውን ጊዜ ከግማሽ ሰዓት ባነሰ ጊዜ ጣራ ነክቶ ይወርዳል፤ ሥራህ ያን ያህል ጊዜ ከመጠጡ ርቆ መቆየት ነው። ረኀብ፣ ንዴት፣ ብቸኝነትና ድካም አምሮትን ይጠሩታል፤ መውጫ ላይ ባዶ ሆድ አትሁን። እንቅልፍ ደግሞ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይረበሻል፤ ሌሊት የምትነቃበት ጊዜ መዝሙረ ዳዊት ከአልጋህ አጠገብ ይሁን፤ ስልኩ ግን ሌላ ክፍል ይደር።

መጠጡ እንዳይመልስህ የሚረዱ መድኃኒቶችም አሉ። ናልትሬክሶን የመጠጡን ደስታ ያደበዝዛል፤ በተለምዶ በቀን 50 ሚሊ ግራም ነው፤ ከሞርፊን ወገን የሆነ የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ግን አይወስደውም። አካምፕሮሴት ካቆሙ በኋላ ላለው መረበሽ ይረዳል፤ በኩላሊት ስለሚወጣ ኩላሊት ይመረመራል። ዳይሰልፊራም የሚሠራው በሌላ መንገድ ነው፤ ሰው ላዩ ላይ አልኮል ቢቀምስ ፊቱ ይቀላል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡ ይመታል፤ ከፍ ካለም አደገኛ ነው። ከመጨረሻው መጠጥ ቢያንስ 12 ሰዓት ሳይሞላ አይጀመርም፤ መድኃኒቱን ካቆሙም በኋላ እስከ 14 ቀን ድረስ አልኮል ቢቀመስ ያንኑ ሕመም ሊያስነሣ ይችላል። የትኛው እንደሚስማማህ ሐኪሙ የጉበትና የኩላሊት ምርመራህን አይቶ ይወስናል።

ይህ ወደ ቁርባኑ ጥያቄህ ያደርሰናል። ዳይሰልፊራም የሚወስድ ሰው ጥቂቷ ወይን ራሷ ያንን ሕመም ልታስነሣበት ስለምትችል ከመጀመሩ በፊት ለሐኪሙ «እቆርባለሁ»፣ ለካህኑ ደግሞ «ይህን መድኃኒት እወስዳለሁ» ማለት አለበት። ባትወስደውም እንኳ ሽታውና ጣዕሙ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ሊፈትንህ ይችላል። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ሥጋውን ብቻ የተቀበለ ሙሉ በሙሉ እንደተቀበለ ይቆጠራል። ብዙ ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የሚጠቀሙት የወይን ጭማቂ ነው፤ ነገሩ የጀመረው ቶማስ ዌልች የተባለ የሜቶዲስት እምነት ተከታይ የጥርስ ሐኪም በ1869 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጭማቂው ቦክቶ ወደ አልኮል ሳይለወጥ እንዲቆይ ማሞቅን በሞከረ ጊዜ ነው፤ ሐሳቡም ለጌታ ራት አልኮል የሌለው ወይን ማግኘት ነበር። ሥጋውና ደሙ አብረው በሚሰጡባቸው አብያተ ክርስቲያናት ለካህኑ አስቀድመህ ለብቻው ንገረው፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ያንተ የመጀመሪያው አይሆንም።

ምስክርነቱን ለጊዜው ተወው። በሦስተኛው ሳምንት በጉባኤ ፊት «ነፃ ወጥቻለሁ» ያለ ሰው በአራተኛው ሳምንት ሲሰናከል የሚሄድበት ያጣል፤ ያጨበጨበለትን ሰው ፊት ማየት ያፍራል፤ ስለዚህ ይደብቃል። መጠጥ ደግሞ የሚያድገው በድብቅ ነው። ቢያንስ አንድ ዓመት ሳይሞላህ መድረክ ላይ አትውጣ፤ የሚገፋፋህም ካለ «ሐኪሜ ከልክሎኛል» በለው፤ ባይከለክልህም እኛ ከልክለንሃል። የያዕቆብ መልእክት 5፥16 «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ» ይላል። ላንተ ከመድረክ ይልቅ አንድ ሰው ይበቃሃል። የንስሐ አባት ካለህ እሱ፤ ከእሱ በተጨማሪ ግን በሳምንት አንዴ ፊት ለፊት የምታገኘው፣ በመንፈቀ ሌሊት ስልክ የሚያነሣ አንድ ወንድም ያስፈልግሃል። አለቃህ፣ አበዳሪህ ወይም የባለቤትህ ወንድም አይሁን። በየሳምንቱ ያንኑ ሦስት ነገር ይጠይቅህ፦ ጠጣህ ወይ? ለመጠጣት የተዘጋጀህበት ጊዜ ነበር ወይ? የዋሸኸው ሰው አለ ወይ? ሦስተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይበልጣል፤ ሰው ከመጠጣቱ ከብዙ ቀን በፊት መዋሸት ይጀምራልና።

በ1935 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ የተጀመረው፣ መጠጥ ለማቆም የሚታገሉ ሰዎች እየተሰበሰቡ የሚደጋገፉበት የአልኮሊክስ አኖኒመስ ማኅበር የወጣው ከክርስቲያናዊ እንቅስቃሴ ውስጥ ነው፤ አባላቱ ከሚከተሏቸው ደረጃዎች አምስተኛውም ጥፋትን ለእግዚአብሔር፣ ለራስና ለአንድ ሌላ ሰው መናዘዝ ነው። እግዚአብሔርን «እንደምንረዳው» ማለቱ የሚከብዳቸው ክርስቲያኖች አሉ፤ ስብሰባው ውስጥ ግን አንተ በክርስቶስ ስም ከመጸለይ የሚከለክልህ የለም። በ1991 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር የተጀመረው ሰለብሬት ሪከቨሪ የተባለ ተመሳሳይ መርሐ ግብር ደግሞ ትምህርቱን በግልጽ በክርስቶስ ላይ ያቆመ ነው። ባለህበት ከሁለቱ አንዱ ካለ ሂድ፤ ከሌለ ያ አንዱ ወንድም ይበቃል።

ብትሰናከልስ? ያገረሸበት ሰው ብዙ ነው፤ ሕክምናውም ይህን አስቦ የተሠራ ነው። እስከ እሑድ አትጠብቅ፤ በዚያው ቀን ወንድምህ ጋ ደውል፤ የተረፈውን ድፋ፤ በማግስቱ ሐኪሙ ይወቅ። የጠጣኸው አንድ ምሽት ከሆነ እዚያው ላይ ይቁም። ቀናት ከተከታተሉና ጠዋት መንቀጥቀጡ ከተመለሰ ግን ብቻህን አታቁም፤ እንደገና ሐኪም ነው። ምሳሌ 24፥16 ጻድቅ ሰባት ጊዜ ይወድቃል፣ ይነሣማል ይላል፤ ለመነሣት ሕክምና ማግኘቱም የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ባለቤትህ ይቅር ማለቷና አለማመኗ አይጋጩም። ይቅርታ ባለፈው ላይ ነው፤ እምነት ገና በሚመጣው ላይ ነው፤ የሚመጣውን ደግሞ አላየችም። «እመኚኝ» አትበላት፤ የምታየው ነገር ስጣት። የደመወዝህ ገንዘብ በእሷ በኩል ይውጣ፤ በኪስህ ለትራንስፖርትና ለምሳ የሚበቃ ብቻ ይኑር። ከምታመሽበት ቦታ ሳትጠየቅ ደውል። ዳይሰልፊራም ከታዘዘልህ ጠዋት ጠዋት እያየችህ ብትውጠው ይረዳል፤ ይህን ግን ራስህ ጠይቃት እንጂ እሷ እንድትቆጣጠርህ አትተውላት፤ የሚስት ሥራ ጥበቃ አይደለም። ዘኬዎስ ለበደለው አራት እጥፍ እመልሳለሁ ሲል በአፉ ከመጸጸት አልፎ መጠን ተናገረ። አንተም የተበደርከውን፣ የሸጥከውን፣ የተበላሸውን በወረቀት ጻፍና ከትንሹ ጀምር። ከምንም በፊት ግን ለልጆችህ ቃል አትግባላቸው። በገባኸው ቃል ስንቴ እንደተጎዱ እነሱ ያውቃሉ፤ ማክሰኞና ሐሙስ የቤት ሥራ ሰዓት ላይ ተገኝላቸው።